መኪናዬ ውስጥ የሚያምረው ድምፄ

መኪናዋን ስገዛ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለ ሁለት በር፣ ወደ መሬት የቀረበች፣ ቀለሟ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ጃፓን ሠራሽ ስፖርት መኪና ናት። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ ይበልጣል። ከኋላ መቀመጫ አላት ቢባልም ከአንድ ቦርሳና ከአንድ ጃኬት በላይ አይችልም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስትገባ አንድ እጇን ጣሪያው ላይ፣ ሌላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወረደችና፣ «መግባቱንስ ገባሁ፤ እንዴት እንደምወጣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

ሥራዬ የመንገድ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ንድፍ መሥራት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳሰላ ኖሬአለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምታወቀው ሁለት ጊዜ ሳይለካ የማይፈርም ሰው ተብዬ ነው። ስለዚህ ያቺን መኪና ይዤ ግቢ የገባሁ ቀን ጥበቃው ሳይቀር የማን እንደሆነች ጠየቀኝ። የእኔ ናት ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ምክንያት አላበጀሁለትም። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት መኪና ባየሁ ቁጥር ቆሜ እመለከት ነበር፤ በቃ፣ ገዛሁ።

ቤታችን ብስራተ ገብርኤል ነው። እሑድ ጠዋት ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ እሷ እስክትወጣ ቀለበት መንገድ ላይ እወጣለሁ፤ በለቡ አድርጌ ጀሞ ደርሼ እመለሳለሁ። በፍጥነት አልነዳም። የምወደው ድምፁን ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሳልፍ ሞተሩ የሚያወጣውን፣ ኩርባ ላይ መሪውን ሳዞር መኪናዋ ሳትንገዳገድ ተከትላኝ የምትሄደውን ነገር ነው የምወደው። በየሰፈሩ ያለው የመንገድ ጉብታ ላይ ስደርስ ሆዷ እንዳይፋቅ በሰያፍ ነው የማልፈው፤ ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል። አሁን አሁን ከአጠገቤ የሚያልፉት አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አዳዲስ መኪኖች ናቸው። እንደ ፍሪጅ ዝም ብለው ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ።

መስኮቱን ዘግቼ እዘፍናለሁ። እዚያ ውስጥ ድምፄ ያምራል። ጣሪያው ቅርብ ነው፤ ሞተሩ ከሥር ይይዝልኛል፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ረገጥ ሳደርገው አብሮኝ ከፍ ይላል። ዘፋኝ ነኝ ብዬ የማምነው እዚያ ስሆን ነበር።

እንዲያው በባዶ ሜዳም አልነበረም ያመንኩት። ባንድ አለን። አራት ነን። ድራም የሚመታው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነ የጥርስ ሐኪም ነው። ኪቦርድ የምትጫወተው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ልምምዱም መካኒሳ አቦ እናቷ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሾች ሸፍነነዋል። አራተኛው ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ነው፤ ላፍቶ የብረታ ብረትና የሲሚንቶ ሱቅ አለው። አያቱም አባቱም እዚያው ላፍቶ ያረሱ ናቸው። እርሻው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቆይቷል፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ከሱቁ ጀርባ ሁለት ላም ያረባሉ፣ ያልባሉ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ንግግሩ ግን ጥቂት ነው። ልምምድ ላይ ሁለት ሰዓት አብረን ቆይተን አምስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው።

የራሳችን ዘፈን የለንም። በወጣትነታችን ካሴቱ እስኪላላ ድረስ የሰማናቸውን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ነው የምንጫወተው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን፤ ካልተሳሳትን እንደሰታለን፤ ከተሳሳትን ደግሞ እንስቃለን። ዘፋኙ እኔ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም። የመጀመሪያው ቀን ማይክሮፎኑ አጠገብ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ልምምድ ጨርሰን ገመድ ስንጠቀልል ባሲስቱ፣ የላፍቶው ባለ ሱቅ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች» አለ።

እንኳን ደስ ያለህ አልነው። ኪቦርድ ተጫዋቿ ተነሥታ ሳመችው።

«መልሱ እኛ ግቢ ነው። እኛ ብንጫወት ብዬ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ትዘፍናለህ።»

ሰው ፊት ተጫውተን አናውቅም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ሁሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማታ ስመለስ፣ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሳይቀር መኪናዬ ውስጥ ስዘፍን ከረምኩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን። በጾም ልምምድ የለም፤ የኪቦርድ ተጫዋቿ እናት ቤቱን ሲሰጡን ያስቀመጡት ሕግ ነው። እንደተለመደው ጓደኛዬን፣ ሐኪሙን፣ ጎፋ ላደርሰው አሳፍሬው ወጣሁ። ሰማዩ ገና ብርሃን ነው። የቤቱ መታጠፊያ ጋ ስንቃረብ፣

«እስቲ አንድ ዙር ጨምር» አለኝ።

መኪናዋን ይወዳታል። ደስ ብሎኝ አለፍኩት። ቀለበት መንገዱ ላይ ተመልሰን ወጣን። ሦስተኛ፣ አራተኛ አስገባሁ። እሱ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ሞተሩ አላወራም።

«ዛሬ ስልኬን ወንበር ላይ አድርጌ ልምምዱን ቀድቼው ነበር» አለ። «የራሴን ድራም ልሰማ ብዬ።»

«እና?»

«እፈጥናለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሮጫለሁ።» የመቀመጫ ቀበቶውን ላላ አደረገ። ከዚያ፣ «አንተ ደግሞ ትወርዳለህ» አለኝ።

«የቱ ጋ?» አልኩት፤ መታጠፊያውን የሚነግረኝ መስሎኝ መስታወቱን እያየሁ።

«ድምፅህን ነው የምልህ። ከቅኝቱ ይወርዳል።»

ጥግ ይዤ ቆምኩ። ስልኩን አውጥቶ ከፈተልኝ። እኔ እንዲያ ስሆን አላውቅም ነበር። ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፄ ጫፉን ሳይነካው ይመለሳል፤ ያልነካው መሆኑን ሳያውቅ ደግሞ በልበ ሙሉነት ይረዝማል። የከፋው ልበ ሙሉነቱ ነበር። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። መኪኖች አጠገባችን ያልፋሉ።

«እንዲህ ከሆንኩ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ቆይቷል።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሷ ኪቦርዱን ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጋልሃለች። ከዚህ በታች ከወረድን ቤዙ አይሰማም።»

ይህን አላወቅኩም ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረኝም ይኸው ነው። ሦስት ሰዎች እኔን ላለማሳዘን በየጊዜው ዘፈኑን ከሥሬ ዝቅ እያደረጉ ሲከተሉኝ እኔ ከፍ እያልኩ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

«እሱስ? ልጁን የሚድረው?»

«ለልጁ መልስ ዘፍንልኝ ብሎ የለመነህ ሰው እንዴት አድርጎ ይነግርሃል?»

«ጥርስ ስትነቅልም እንዲህ አዟዙረህ ነው?» አልኩት። ድምፄ ሻካራ ነበር።

«ጥርስ ስነቅል ማደንዘዣ አለኝ» አለ። አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ቤቱ አድርሼው ደኅና አምሽ ብዬው ሄድኩ። ቀረጻውን ላክልኝ ያልኩት መኪናው በር ላይ ሆኖ ነው። ላከልኝ።

ጾሙ ጠቀመኝ። ለምን ልምምድ አልመጣህም የሚለኝ ሰው የለም። ስምንት ሳምንት ሙሉ ምክንያት መፍጠር ሳያስፈልገኝ ጠፋሁ። መኪናዋን እነዳለሁ፤ አልዘፍንም። ሬዲዮም አልከፍትም። የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ እሄዳለሁ። አንድ ሁለቴ አፌን ልከፍት ብዬ የቀረጻው ድምፅ ስለመጣብኝ ዘጋሁት።

ለባለቤቴ ሳልነግራት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሸሚዞቼን ስትተኩስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ድምፄን። ከቅኝት እንደምወጣ።»

ካውያውን አቁማ አየችኝ። «ሳገባህ ለድምፅህ ብዬ አይደለም ያገባሁህ።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ስትዘፍን ደስ እንደሚልህ አውቅ ነበር» አለች። እጅጌውን ገልብጣ ሥራዋን ቀጠለች። «ሌላውን አልጠየቅከኝም።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ለቀናት ውስጥ ውስጡን ተናደድኩ፤ በእሷም፣ በሐኪሙም፣ በሁሉም። አሁን ሳስበው ንዴቱ እነሱ ዝም በማለታቸው አልነበረም። ያልጠየቅኩ መሆኔ እውነት በመሆኑ ነው። ሥራዬ ላይ አንድ ቦይ ተዳፋቱ በትንሽ ጣት ውፍረት ከተሳሳተ ውሃው እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ ሄጄ እለካዋለሁ፤ የሠራተኞቹን ቃል አልቀበልም። ራሴን ግን አንድም ቀን ቀድቼ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ መስማት ጀመርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ቀረጻ እከፍታለሁ። መጀመሪያ የምሰማው ራሴን ብቻ ነበር፤ እንደሚያም ጥርስ ምላሴ እዚያው ይመለሳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ግን ሌላውን መስማት ጀመርኩ። ኪቦርዷን እኔ ስንት ጊዜ እንዳዘገየኋት፣ ድራሙ የት ላይ እንደሮጠ። ከዚያ ከሁሉ ሥር አንድ ነገር ሰማሁ። መጀመሪያ የስፒከሩ እንጉርጉሮ መስሎኝ ነበር። መልሼ ሰማሁት። ሰው ነው። አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታው ላይ የሚያሳርፍ። እኔ ጫፉን ሳልነካ በምመለስበት ቦታ እሱ ሳይጨነቅ ይደርሳል።

ስልኩ የነበረበት ወንበር ባሲስቱ አጠገብ ነበር።

ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ቅዳሜ ደወልኩለት። የሱቁ ፒካፕ ሲሚንቶ ጭና መሄዷን አውቃለሁ፤ ወደ ልምምድ ልውሰድህ አልኩት። ላፍቶ ስደርስ እናቱ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝና «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቁኝ። ከዚያ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«ይቺ ሆዷ ከላሞቼም ሆድ ዝቅ ያለ ነው» አሉ። «ልጄ እንዴት አድርጎ ሊገባ ነው?»

በጭንቅ ገባ። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁለት፤ ያም ሆኖ ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ። ጊታሩን ከኋላ አጋደምነው፤ አንገቱ በሁለታችን መካከል ወጣ። ዋናው መንገድ ላይ ወጣን።

«አንተ ለምንድን ነው የማትዘፍነው?» አልኩት።

«እኔ?»

«ቀረጻው ላይ ሰምቼሃለሁ። ታንጎራጉራለህ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። 

«የሚዘፍነው አባቴ ነበር» አለ። «ሠርግ ሲኖር ከሩቅ ድረስ መጥተው ይወስዱት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እኔ ግቢ ውስጥ ሳንጎራጉር እናቴ ታለቅስ ጀመር። ተውኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሬዲዮ የምትከፍተው ራሷ ናት።» ፈገግ አለ። «ከዚያ ወዲህ ግን የጠየቀኝ የለም።»

«እኔ ጠየቅኩህ። ለልጅህ አንተ ዝፈንላት።»

«አንተስ?»

«እኔ እወርዳለሁ። ታውቃለህ።»

አልካደም፤ አላጽናናኝምም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «የሙሽራ አባት በገዛ ድግሱ ይዘፍናል እንዴ?» ብቻ አለ።

«ቤዝ ልትጫወት አልነበር?»

«ቤዝ ሌላ ነው። ቤዝ የሚመታን ሰው ማንም አያየውም።»

«እስቲ አሁን ሞክረው።»

«አይሆንም።»

አላስቸገርኩትም። ለቡን አልፈን መንገዱ ገለጥ ሲል ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለሁ ረገጥኳት። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ጮኸች፤ መቀመጫው ከጀርባችን ገፋን። አራተኛ አስገባሁ። በዚያ ጩኸት መሃል፣ የማይሰማ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ጀመረ። መጀመሪያ እንጉርጉሮ ነበር፤ ቆይቶ ግጥሙ ገባበት። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብዬ ማንሣት ጀመርኩ። ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ሌላም ዝቅ አለ። እሱ ገብቶታል፤ በዓይኑ ጠርዝ አየኝ። ግን አላቆመም። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ መንገዱ ዳር በእግር በሚሄዱ ሰዎች ፍጥነት ነበር የምንሄደው ማለት እችላለሁ። ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፉብኛል። ያንን ከፍታ ይዞት ሲቆይ የእኔ ነው የምለው ነገር በሰው እጅ ሲያምር አየሁ። ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

«እኔ እቀበልሃለሁ» አልኩት ሲጨርስ። «አንተ ታወጣለህ፣ እኔ እቀበላለሁ።»

መካኒሳ ስንደርስ ማይክሮፎኑን እኔው ራሴ ወስጄ ፊቱ አቆምኩለት። ኪቦርድ ተጫዋቿ አንድ ጊዜ አየችኝና ኪቦርዷን ወደ ቀድሞው ቅኝት መለሰችው። ሐኪሙ ዱላዎቹን እያገላበጠ ወለሉን ያይ ነበር።

መቀበል ቀላል መስሎኝ ነበር። አይደለም። አውጪው ትንፋሹን ሲጨርስ ነው መግባት ያለብህ፤ ከዚያ በፊት ከገባህ ትረግጠዋለህ፣ ከዘገየህ ደግሞ ባዶ ትተወዋለህ። እኔ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ። ኪቦርድ ተጫዋቿ ለሕፃናቷ በምትናገርበት ትዕግሥት፣ «ቆይ፤ እሱ ገና አልጨረሰም» ትለኛለች። እንደገና እንጀምራለን። «ቆይ» ትለኛለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ቆይ የምትለኝ ቀነሰች።

መልሱ ግንቦት ውስጥ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ላሞቹ ለዕለቱ ጎረቤት ተወስደዋል። እኛን ያስቀመጡን ከሱቁ ግድግዳ ሥር ነው። ምግቡ ተበልቶ ሲያበቃ መጀመሪያ ያለ ዘፈን አንድ ዜማ ተጫወትን፤ ሰው ወሬውን አላቋረጠም። ከዚያ ባሲስቱ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ። ማንንም አላየም፤ ዓይኑን የጊታሩ አንገት ላይ ተክሎ ጀመረ።

ሙሽራዋ ከአንድ እንግዳ ጋር እየተነጋገረች ነበር። ቃሏን ሳትጨርስ ዞረች። አባቷ ሲዘፍን ሰምታ አታውቅም። ፊት ለፊት የተቀመጡት አሮጊቷ እናቱ አላለቀሱም፤ አጠገባቸው የሚያወሩትን ሁለት ሴቶች በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ድንኳኑ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እኔ እሱን ሳዳምጥ የመጀመሪያውን መቀበያ ዘለልኩት። ሐኪሙ ከድራሙ ኋላ አፈጠጠብኝ። ሁለተኛው ላይ ገባሁ። በሦስተኛው እንግዳውም አብሮ ይቀበል ስለነበር የእኔ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ አይሰማም ነበር።

ሙሽራዋ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ልታቅፈው ፈልጋ ነበር፤ ጊታሩ መሃል ስለገባ ትከሻውን ይዛ ቆየች። እሱም አላቆመም፤ ጨረሰላት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። አብዛኛውን እሱ ያወጣል፤ ለእኔ ዝቅ ያሉ፣ ድምፄ የማይወጣቸው ቦታ የሌላቸው ሁለት ዘፈኖች ተመርጠውልኛል። እነሱንም ከመዝፈኔ በፊት ቀድቼ እሰማለሁ። ባሲስቱ እንደ በፊቱ ዝምተኛ ነው፤ የሚናገረው ሲዘፍን ብቻ ነው። ለሰው ስናገር ጥሩ ሆነ እላለሁ፤ እውነትም ጥሩ ሆነ። ግን አንዳንድ ቅዳሜ፣ በተለይ ድሮ እኔ የምወደው ዘፈን ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ስንኝ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ቅር ይለኛል። ያልፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለፈም። እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ፤ ትንፋሹን እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ።